ተማሪዎቻችሁ የታካሚን ገበና እንዲጠብቁ እንዴት ታሠለጥናላችሁ?

አዲስ የነርሲንግ ተማሪ ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) በገባ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ወይ አዲስ የተመደበ ኢንስትራክተር ነው፣ ወይ ተማሪ ተከታተይ የተባለች የዋርድ ነርስ ናት። ጥያቄው ግን ሁሌም አንድ ነው። «ሚስጥር ጠብቁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ይኸው ያወራሉ፣ ይኸው ሳይጋርዱ ይገልጣሉ። ምን ላድርግ?» ለአንድ ለአንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

መንገር አይበቃም። ገበና መጠበቅ እንደ መርፌ መውጋት የእጅ ሥራ ነው። መርፌን ስናስተምር እናሳያለን፣ እናሠራለን፣ እናያለን፣ እናርማለን። ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ገበና የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ለመማር የጓጓው፣ ጎበዙ ተማሪ ነው። ኬዙ፣ ማለትም የታካሚው ሁኔታ፣ ስለገረመው ነው የሚያወራው። ስለዚህ ቁጣ ብዙም አይሠራም።

ከዚህ በታች ያለው እኔ ጎንደር ላይ ተማሪ ይዤ የምሄድበት አካሄድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ስኪል ላብ (የልምምድ ክፍል) ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ 2 አልጋዎች። አንድ አልጋ አይበቃም፤ ጆሮ ያለው ሁለተኛው አልጋ ላይ ነው።
- 2 አንሶላ እና 1 ተንቀሳቃሽ ስክሪን።
- በተማሪው ቁጥር ልክ የተቆራረጠ ወረቀት፣ በእያንዳንዱ ላይ የፈጠራ ታሪክ የተጻፈበት።
- ቁልፍ ያለው 2 ሳጥን፤ አንዱ ለስልክ፣ አንዱ ለሚጣል ማስታወሻ ወረቀት።
- ጊዜ። ላብ ውስጥ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ በየቀኑ ከዋርድ በኋላ 15 ደቂቃ።

1. ዋርዱን ቀድማችሁ እዩት

ተማሪው ከመግባቱ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብቻችሁን ዙሩ። የትኛው መጋረጃ ተቀዷል? ስክሪኑ የት ሄደ? ቻርት (የታካሚው መዝገብ) የሚቀመጠው የት ነው? የተረኛ ርክክብ ሪፖርት የሚደረገውስ? ከአልጋ እስከ አልጋ ስንት እርምጃ ነው?

ይህን የምታደርጉት፣ ተማሪ «መጋረጃ ዝጋ» ተብሎ መጋረጃ ካጣ፣ ነገሩ ለፈተና ብቻ የሚባል መስሎት ስለሚያድር ነው። ስክሪን ከሌለ 2 ተማሪ አንሶላ ወጥሮ ይይዛል። ጀርባቸውን ለታካሚው፣ ፊታቸውን ለክፍሉ ይሰጣሉ። ይህን አቋቋም ካላሳያችኋቸው ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞረው ያያሉ።

ከዳባት፣ ከደባርቅ ወይም ከበለሳ የመጣ ታካሚ ደግሞ ጋቢ ወይም ነጠላ አያጣም። ፈቃዱን ጠይቆ በራሱ ጋቢ መሸፈን ሰውየውን ያረጋጋዋል። ታካሚው በንክኪ በሚተላለፍ ኢንፌክሽን ምክንያት ለብቻው ተለይቶ የተኛ ከሆነ፣ ወይም ሥራው ስቴራይል (ፍጹም ከጀርም የጸዳ) መሆን ካለበት ግን ጋቢውን ተዉት።

2. ተማሪዎቹን አልጋ ላይ አስተኟቸው

ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይሄ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

ወረቀቶቹ ላይ የፈጠራ ታሪክ ጻፉ። «ባለቤቴ የማታውቀው የቲቢ መድኃኒት እወስዳለሁ።» «ሽንቴን መቆጣጠር አልችልም።» «ከዚህ በፊት ፅንስ አስወርጃለሁ።» ፈቃደኛ ተማሪ አልጋ ላይ ይተኛና አንዱን ያነሳል። 7 ወይም 8 ተማሪ ራውንድ (በየአልጋው የሚደረግ ጉብኝት) እንደሚዞር ሆኖ ይከበዋል። አንዱ ታሪኩን በተለመደው የራውንድ ድምፅ ያቀርባል። ሁለተኛው አልጋ ላይ ሌላ ተማሪ አለ። የሰማችው ነገር ባለ ቁጥር እጇን ታነሳለች።

መጀመሪያ ይስቃሉ። ተዉአቸው ይሳቁ። ሦስተኛው ተማሪ ተኝቶ ሲነሳ ሳቁ ይቀንሳል። «ሁላችሁም ከላይ ታዩኛላችሁ፣ እኔን ግን ማንም አያናግረኝም» ያለኝ ተማሪ ነበር። የአንድ ሰዓት ሌክቸር ይህን አያስተምርም።

ከዚያ መጋረጃውን ዘግታችሁ ድገሙት። የሁለተኛው አልጋ እጅ አሁንም ይነሳል። ተማሪዎቹ ይደነግጣሉ። መጋረጃ ዓይን ይከለክላል እንጂ ጆሮ አይከለክልም። አሁን መፍትሔውን ራሳቸው ይፈልጉ። ወደ ራስጌ ቀረብ ብሎ መቀመጥ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ የሚመለስ ጥያቄ መጠየቅ፣ መራመድ የሚችለውን ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ። እጁ መነሳት እስኪያቆም ይሞክሩ።

ጥንቃቄ፦ ማንም የራሱን እውነተኛ ታሪክ አያወራም፣ ማንም ልብሱን አያወልቅም፣ ማንም አይገደድም። ተማሪ ገበናውን አውጥቶ ገበና መጠበቅ አይማርም።

3. ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃ አሳዩአቸው

ተማሪ «ስሙን አልጻፍኩም» ይላል። እንዲህ ጻፉላቸው። «ወደ መተማ መውጫ ሆቴል ያላት፣ ረቡዕ የገባች፣ መንታ የወለደች።» ስንት ስልክ ቢደወል ይህች ሴት ትታወቃለች? ጎንደር ላይ ሁለት ይበቃል። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» ብሎ በሚተዋወቅ ሰው መካከል ነው የምንሠራው።

ለኬዝ ፕሬዘንቴሽን ወይም ለኬር ፕላን (የእንክብካቤ ዕቅድ) ሲጽፉ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ስም ከነአባት፣ ካርድ ቁጥር፣ ስልክ፣ ቀበሌና ወረዳ፣ የሥራ ቦታ፣ የአልጋ ቁጥር፣ የገባበት ቀን። ዕድሜን «በ40ዎቹ ያለች» ማለት ይቻላል። ቀኑን «በገባች በ3ኛው ቀን» ብሎ መጻፍ ለትምህርቱ ይበቃል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ንቅሳት። አንገቷ ላይ የተነቀሰች ወይም ግንባሯ ላይ መስቀል ያላት እናት ፊቷ ባይታይም ትታወቃለች። ጠባሳም እንደዚሁ። ጽሑፉ ውስጥ ለሕክምናው ካላስፈለገ ይቅር።

4. ፈቃድ መጠየቂያውን ቃል በቃል አለማምዱ

ተማሪ አፉ ላይ የሚመጣ ዓረፍተ ነገር ከሌለው ዝም ብሎ መጋረጃ ገልጦ ይገባል። ስለዚህ ቃሉን ስጡት፤

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ሲስተር አብራኝ አለች። ቁስልዎን እንዳጥብልዎ ይፈቅዳሉ? ባይፈልጉ ሲስተር ራሷ ትሠራልዎታለች። ሕክምናዎ ላይ የሚቀየር ነገር የለም።»

ትልልቅ ሰዎችን በእርስዎ፣ ወይም እንደ አገሩ በአንቱ ይጥሩ። አልጋ ላይ ስለተኛ ብቻ የ70 ዓመት አባት «አንተ» አይባልም። ይህም ከክብሩ አንዱ ነው። ታካሚው «ዶክተር» ብሎ ከጠራውም ተማሪው ማረም አለበት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው የወሰደው ፈቃድ፣ ፈቃድ አይባልም።

አሁን ወደ ከባዱ። ሕዝባችን ይሉኝታ አለበት። «እሺ ልጄ፣ እንዳላችሁ» ይላል። «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። አንዳንዴ ይህ አዎ ነው። አንዳንዴ እምቢ ማለት ስላፈረ ነው። ተማሪው ፊቱን ማየት ይልመድ። እጁ አንሶላውን ጨብጧል? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል? እንዲያ ከሆነ ጥያቄው ይደገማል፤ «ሲስተር ብትሠራልዎ ይሻላል እንዴ?» ይህችን ስትሉ ብዙ ሰው እፎይ ብሎ «አዎ» ይላል። እምቢታን ለሚያፍር ሰው «አዎ» ብሎ እምቢ የሚልበትን በር ክፈቱለት።

አስታማሚም አለ። ጥያቄውን በአስታማሚው ፊት አትጠይቁ። መጀመሪያ «እዚህ ሥራ ስላለን አንድ 10 ደቂቃ ውጭ ይቆዩልን» በሉ። ሁሉንም አስታማሚ በእኩል ስታስወጡ ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ ታካሚውን ለብቻው «ስለ ሕመምዎ ማን ቢሰማ ይፈቅዳሉ?» በሉት። ባልም ሆነ ወንድም፣ የሚፈቅደው ታካሚው ነው።

5. አልጋው አጠገብ ያለውን ቅደም ተከተል አስይዟቸው

መጀመሪያ ዕቃው ሁሉ ይሟላ። ጓንት የረሳ ተማሪ መጋረጃ ከፍቶ ይሮጣል፣ ታካሚዋ ተገልጣ ትቀራለች። ከዚያ በርና መስኮት፣ ከዚያ መጋረጃ፣ ከዚያ አንሶላ ደርቦ ማልበስ። የሚገለጠው በመጨረሻ ነው፤ የሚገለጠውም የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባ ደረት አይታይም። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሲነሳ ሆድና እግር ይሸፈናል። ሥራው እንዳለቀ መጀመሪያ ይሸፈናል፣ ከዚያ ነው ትሬው የሚነሳው።

መጋረጃው ውስጥ ከ2 ተማሪ በላይ አላስገባም። የቀሩት ሞዴል ላይ ይማራሉ። «ግን ሁሉም ማየት አለባቸው» የሚል አስተማሪ አለ። በተራ ያያሉ፤ ታካሚዋ ግን ለ9 ሰው በተራ አትገለጥም። የተማሪው ፆታ ለታካሚዋ የሚከብዳት ከሆነም ሳይከራከሩ መቀየር ነው።

6. ሪፖርትና ራውንድ

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል 11 ተማሪ አልጋ ዙሪያ አቁሜ ዲያግኖሲሱን (ምን በሽታ እንደሆነ) ጮክ ብዬ አስረዳሁ። ጎን ያለው አልጋ አስታማሚ የዚያው ሰፈር ሰው ነበር። ወሬው ማታውኑ መንደር ገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻ አልነበረውም። ያን ቀን የጠፋው የተማሪ ሥነ ምግባር አልነበረም፣ የኔ ድምፅ ነበር።

ስለዚህ ሪፖርቱን ለሁለት ክፈሉት። ዲያግኖሲስ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የቤተሰብ ጉዳይ ነርስ ክፍል ውስጥ በር ተዘግቶ ይነገራል። አልጋው አጠገብ የሚነገረው ታካሚው ራሱ ቢሰማው፣ ጎረቤቱም ቢሰማው የማይጎዳው ብቻ ነው። «ግሉኮሱ በዚህ ፍጥነት እየሄደ ነው፣ ቁስሉ በ4 ሰዓት ይታጠባል» ዓይነት።

በእንግሊዝኛ ወይም በአሕጽሮት መናገር መደበቂያ አይደለም። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ማን አለ? ኤችአይቪን «አር ቪ አይ» እያሉ የደበቁት የሚመስላቸውም አሉ። ሆስፒታል የቆየ አስታማሚ ሁሉ ያውቀዋል።

7. ወረቀት

ተማሪ ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አያጣም። ቫይታል ሳይን (እንደ ሙቀትና የልብ ምት ያለ ልኬት)፣ የመድኃኒት ሰዓት፣ ስም። ከዋርድ ሲወጡ ኪሳቸውን ያራግፉ፤ ወረቀቱ ተቆልፎ ከሚቀመጠው ሳጥን ይግባ። በሳምንት አንዴ እናንተ ቀዳድዳችሁ አስወግዱት። ዶርም የገባ ወረቀት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ቆሎ የሚጠቀለለው በምን መሰላችሁ?

ቻርት አልጋ ላይ ተከፍቶ አይተውም። ኮምፒውተርም ከሆነ በሌላ ሰው ፓስወርድ አይገባም፣ ሳይዘጋም አይሄድም። ሌላም አለ። ተማሪ የተመደበለትን ታካሚ ቻርት ብቻ ነው የሚያነበው። «ለማወቅ ያህል» የሌላ ሰው ካርድ መክፈት፣ ለማንም ባይወራም ገበና መድፈር ነው።

8. ስልክ

ዋርድ ሲገቡ ስልክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። እረፍት ላይ ይወሰዳል። የእናንተም ጭምር፤ አለዚያ ማንም አይሰማችሁም። ሰዓት ለማየት የእጅ ሰዓት ይያዙ፤ ደቂቃ ለመቁጠር ስልክ ማውጣት ነው የፎቶው ሁሉ መነሻ።

ለምን እንዲህ ታጠብቃለህ ለሚላችሁ ይህን አስረዱት። ፎቶ «አጠፋሁት» ቢባልም ስልኩ በራሱ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተላከ ደግሞ በየሰዉ ጋለሪ ሊቀመጥ ይችላል። ላኪው ቢያጠፋው ጋለሪ የገባው አይጠፋም። ቲክቶክ ላይ ጋውን ለብሶ የሚጨፍር ተማሪ ከኋላው አልጋ እንዳለ አያስተውልም። የቁስል ፎቶ ለሕክምናው ካስፈለገ በሆስፒታሉ ደንብ፣ በታካሚው የጽሑፍ ፈቃድ፣ ቡድኑ ያነሳዋል። ተማሪ በራሱ ስልክ አያነሳም።

9. ከግቢ ውጭ

ባጃጅ ውስጥ፣ ፒያሳ ቡና ላይ፣ ምሳ ሰልፍ ላይ ኬዝ አይወራም። ሹፌሩ ይሰማል፣ ሹፌሩም አክስት አለው።

ይበልጥ የሚከብደው ከቤት የሚመጣ ስልክ ነው። «እዚያ አይደለህ? እገሌ ገብቷል አሉ፣ ምን ሆኖ ነው እስቲ እይልን።» ለአክስት እምቢ ማለት ለ20 ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። ይህንንም ቃል በቃል አለማምዱ። «እትዬ፣ እኛ የሰው ካርድ ማየት አይፈቀድልንም። ራሱን ብትጠይቂው ይሻላል።» «ገብቷል» ወይም «አልገባም» ማለትም መልስ ነው፤ እሱንም አይናገሩም። ተማሪው የሚያውቀው ሰው አልጋ ላይ ከደረሰበት ደግሞ ወዲያው ይንገራችሁና ቀይሩት።

ታካሚን መንገድ ላይ ያገኘ ተማሪ ሰላምታውን ታካሚው ይጀምር። ከሰላምታ አልፎ «ተሻለዎት?» አይባልም። አብሮት ያለው ሰው መታመሙንም አያውቅ ይሆናል።

10. በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ በመጨረሻም ነጥብ

ከዋርድ በኋላ በር ዝጉና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ። «ዛሬ የማን ገበና ለጥቂት ተረፈ? ዛሬ የማን ወጣ?» መጀመሪያ እናንተ የራሳችሁን ተናገሩ። አለዚያ ሁሉም «ምንም የለም» ይላል።

ነጥብም ይኑረው። ነጥብ የሌለው ነገር ለተማሪ ትርፍ ነው። ፕሮሲጀር ስትፈትኑ እነዚህን አብራችሁ ሙሉ፦ ራሱን አስተዋወቀ፣ ፈቃድ ጠየቀ፣ ዕቃ አሟልቶ ጋረደ፣ ያስፈለገውን ብቻ ገለጠ፣ ድምፁ ጎረቤት አልጋ አልደረሰም፣ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። ካቴተሩን በትክክል አስገብቶ ሳይጋርድ የሠራ ተማሪ እንደገና ይሥራ።

ማስጠንቀቂያ

ተማሪ ለታካሚ «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይግባ። ታካሚው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ቢነግረው፣ ወይም ልጅ እየተደበደበ እንደሆነ ቢሰማ፣ ወዲያው ለናንተ ወይም ለሚያክመው ቡድን መንገር አለበት። ትክክለኛው ቃል «የሚያክምዎት ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው» የሚለው ነው።

ስህተት ሲፈጠር አይደበቅ። ተማሪው ያቁም፣ ለናንተ ይንገር። እናንተ ለዋርዱ ኃላፊ አሳውቁ፣ የተላከ ነገር ካለ ይሰብሰብ፣ ታካሚውን እንዴት እንደሚነገረውና ይቅርታ እንደሚጠየቅ ከኃላፊው ጋር ወስኑ። ተማሪውን በታካሚ ፊት አትቆጡ፤ ቁጣው ራሱ ገበናውን ሁለተኛ ጊዜ ያወጣዋል።

ሕጉንም በ5 ደቂቃ ንገሯቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር ማውጣትን ይቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

የተለመዱ ስህተቶች

- ራሱን ያልሳተ ግን መናገር የማይችል ታካሚ አጠገብ እንደፈለጉ ማውራት። ይሰማል። ራሱን የሳተም ቢሆን እንደሚሰማ ቁጠሩት።
- መጋረጃ መዝጋቱን ማመስገንና ሳይዘጋ የቀረውን ክፍተት አለማየት። መጋረጃውን ከውጭ ዞራችሁ እዩት።
- የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ታካሚ ሲመጣ ጎረቤት አልጋውን አስተርጓሚ ማድረግ። ባለሙያ ፈልጉ።
- ሕፃን ነው ብሎ ሳይጋርዱ መግለጥ። የ6 ዓመት ልጅ ያፍራል።
- የሞተ ታካሚን መርሳት። አስከሬን ሲዘጋጅም መጋረጃው ይዘጋል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ታሪኩ ዶርም አይሄድም።
- የመጀመሪያውን ሳምንት አጥብቆ ሦስተኛው ላይ መተው። የስልክ ሳጥኑ ባዶውን ቀርቶ ካያችሁ ያኔ ነው የተዋችሁት።